ያልተተፋ ጠላ

አያ ይበልጣል የሞተ ዕለት፣ ለቅሶው ላይ አንድ ሰው "መጠጥ ጨረሰው እኮ፣ ምስኪን!" ሲል ሰማሁ። ሰውየውን አላውቀውም። ጋቢውን እስከ አፉ ጠቅልሎ፣ የሟችን ንፍሮ እየቃመ ነው እንዲህ የሚለው። ተነስቼ ላንቀው ትንሽ ነበር የቀረኝ። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና እጄን ጨብጦ "ሰይድ፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ተው" ባይለኝ፣ ወላሂ በዚያ ቀን አንዱ ለቅሶ ሁለት ይሆን ነበር። ይኸው ስንት ዘመን አለፈ። ጃንሆይም አለፉ፣ ከእሳቸው በኋላ የመጡትም አለፉ፣ የኔ ንዴት ግን እንደ ትናንት ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። ዛሬም ቢቸና ሄዳችሁ ስለ ይበልጣል ብትጠይቁ፣ የሚያስታውሰው ከተገኘ "እህ፣ ያ ጠላ ወዳዱ!" ይላችኋል። ጠላ ወዳድ! እኔ ያን ሰው አንድ ቀን እንኳ ሰክሮ አይቼው አላውቅም።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ እስላም ነኝ፣ ጠላ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ቢቸና የገባሁት ድሬሰር ሆኜ ነው፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። አያ ይበልጣል ደግሞ የንጽሕና ተቆጣጣሪያችን ነበር። ምንጭ ያስከልላል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ጠላ ቤትና ሥጋ ቤት እየዞረ ያያል። የዚያው የቢቸና ዙሪያ፣ የእነማይ ተወላጅ ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ከመምህሩ ተጣልቶ ወጣ፤ ጎንደር ወርዶ የጤና ትምህርት ተማረ፤ እዚያም ከአንድ ፈረንጅ አስተማሪ ጋር ተጣላ። ከማን ጋር ያልተጣላ አለ? አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲቆጣ አፍንጫው የሚነፋ ሰው ነበር። ተቀምጦ መቆጣት አያውቅበትም፤ መጀመሪያ ብድግ ይላል። ጥፍሯን ያላጸዳች ጠማቂና ደብዳቤ ሳያነብ የሚፈርም ሹም እኩል ያናድዱታል። "የማይናደድ ሰው ወይ ጠግቧል ወይ ሞቷል" ይል ነበር።

ለሥራ ስንወጣ ከቢቸና ተነስተን፣ በደብረ ወርቅና በግንደወይን አድርገን፣ በበቅሎ ሞጣ እንደርሳለን። መንገድ ላይ ደጃፏ ላይ ጣሳ የሰቀለች ጠላ ሻጭ ሁሉ የእሱ ሥራ ናት። ሲቀምስ ብታዩት! ሽክናውን፣ ያቺን የቅል መጠጫ፣ መጀመሪያ ያሸታታል። ከዚያ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ሦስት ጊዜ ብቻ ይጎነጫል፤ አንዱ ለከንፈር፣ አንዱ ለምላስ፣ አንዱ ለጉሮሮ። አራተኛ የለም። ከዚያ ይናገራል። ገብሱ ያምና ነው፣ ብቅሉ በደንብ አልደረቀም፣ ጋኑ የታጠነው በወይራ ነው፣ ውሃው የወንዝ ነው እንጂ የምንጭ አይደለም። ሲስት አላየሁም። እኔ እንደሆነ አልጠጣ፤ ሥራዬ የጠማቂዎቹን ፊት ማየት ነበር።

አንድ ጊዜ ደብረ ወርቅ አካባቢ አንዲት ወጣት ሴት ቀዳችለት። ሦስተኛውን ጉንጭ ዋጠና ብድግ አለ።

"ይህን ጠላ ሁለት ሴቶች ናቸው የጠመቁት" አለ፣ "ደግሞም አይነጋገሩም።"

"በስመ ሥላሴ!" ብላ አማተበች ሴትዮዋ። ለካ ከአማቷ ጋር ከተኳረፈች ከርማለች። "ማን ነገረዎት ጌታዬ?"

"ጌሾው ነገረኝ! ሁለት ጊዜ ነው የገባው። አንቺ ጨመርሽ፣ እሷም ጨመረች፣ አንዳችሁም አልተጠያየቃችሁም። በእናንተ ኩርፊያ እኔን ለምን ይምረረኝ? ታረቁ!"

አስታርቆ ወጣ ብል ውሸት ይሆናል። አማትየዋ ከጓዳ ወጥታ፣ ሁለቱ ተባብረው ሰደቡት። እስከ ግንደወይን ድረስ በበቅሎው ላይ ሆኖ ብቻውን ሲነጫነጭ፣ እኔ ከኋላው በሳቅ ልፈነዳ ነበር።

ሳቁ ያበቃው በአንድ ታኅሣሥ ነው። ከግንደወይን ወዲያ ካለ መንደር መልእክት መጣ። እህል ለመውቃት ደቦ የወጡ ሰዎች ጠላ ጠጥተው፣ እየተንቀጠቀጡ ወድቀዋል፤ ሁለቱ ሞተዋል። ስንደርስ ጠማቂዋን "መርዝ አጠጥታቸው ነው" ብለው ከበረት ምሰሶ ጋር አስረዋት አገኘናት። ፊቷ አብጧል። የሟች ወንድሞች ዱላ ይዘው ቆመዋል። አያ ይበልጣል ማንንም ሳያስፈቅድ ሄዶ ገመዱን ፈታ።

"የተረፈውን ጠላ አምጡልኝ" አለ።

ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ቀጥ ብሎ ጓዳ ገባ። ጋን የለም፤ የቆርቆሮ በርሜል ነው ያለው።

"አንቺ ሴት፣ ይህን ከየት አመጣሽው?"

"ከቢቸና ገበያ ነው ጌታዬ። የመንግሥት ዕቃ ነው፣ ዕድሜ ልክ አይሰበርም ብለው ነው የሸጡልኝ።"

በርሜሉን አወቅነው፤ የኛው መሥሪያ ቤት ነው! ዓባይ በረሃ ለወባ ትንኝ የሚረጨው መርዝ ይመጣበት የነበረ በርሜል ነው። መጋዘናችን ውስጥ ዐሥራ ሁለት ባዶ በርሜል ነበር። ኃላፊያችን፣ ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹ በሕይወት አሉ፣ አስወጥቶ ለነጋዴ ሸጧቸዋል። ያኔ "እርስዎ" ነበር የምለው። ዛሬ አልልም።

አሁን ነገሩ ግልጽ ነው። ጥር ሊገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። በርሜል ያላት ሴት የጎረቤቱን ሁሉ ሠርግ ትጠምቅበታለች። ዐሥራ አንዱ በርሜል ከቢቸና እስከ ሞጣ ተበትኗል፤ ሠርጉ ሳይደርስ ካልተሰበሰበ የስንት ሙሽራ ቤት ሬሳ ሊወጣበት ነው። እኔ "ለኃላፊው እናመልክት" አልኩ። አያ ይበልጣል በበቅሎው ላይ ዞር ብሎ አየኝ። "ለማን? ለሸጠው ሰው?" አለኝ።

ጠይቀን እንዳናገኝ ወሬው ቀድሞናል። "መንግሥት በርሜል ሊወርስ ነው" ተብሎ ተወርቷል። አንዷ በርሜሏን ጭቃ ለቅልቃዋለች፣ አንዷ እስከ አንገቱ ቀብራዋለች። የሰው ጓዳ በጉልበት አይገባም። ለመንገደኛ ግን ጠላ አይከለከልም። ስለዚህ አያ ይበልጣል በጠላው አድርጎ በርሜሉን ሊፈልግ ተነሳ። ከሸክላ ሠሪዎች ጋን ገዝቶ በአህያ አስጫነ። መርዙን ያገኘበት ቤት ሁሉን ነገር ለባለቤቲቱ ይነግራታል፤ ትጮኻለች፣ ይጮኻል፤ በመጨረሻ ሁለት ጋን ሰጥቶ በርሜሉን ይወስዳል።

"ቅመስና ትፋው!" እለው ነበር። በየቤቱ እለው ነበር።

"አንተ ወሎዬ፣ ምን ሆነሃል? ሴትዮዋ በእጇ የቀዳችልኝን ፊቷ ላይ ልትፋባት? ርግማን እኮ ነው! ጠላዋን ተፍቼባት በርሜሏን ትሰጠኛለች? ውሻ ነው የምትለቅብኝ።"

ልክ ነበር። በዚያ አገር የተቀዳልህን መትፋት ሰውየውን ከመምታት አይተናነስም። ዋጠው። በቀን አምስት ቤት፣ ስድስት ቤት፣ ሦስት ሦስት ጉንጭ። ሁሉም መርዝ አይደለም፤ ግን የትኛው እንደሆነ ሳይውጥ አያውቅም። ግንደወይንን አልፈን ሳለ አንድ ቀን ጧት ቆሎ ሰጠሁት። አላምጦ አላምጦ "ጨው አለው?" አለኝ። ጨው ነበረው፤ እንዲያውም በዝቶበታል። 

"ምላሴ ሞቷል" አለ፣ ስለ በቅሎው ኮርቻ የሚያወራ ይመስል። "ከእንግዲህ የሚቀምሰው ሆዴ ነው።"

ትርጉሙን ሞጣ ስንደርስ አየሁት። አንዲት ባልቴት ቤት ገባን። ጌሾዋ ሬት ነው፣ ሽታውን ሁሉ ሸፍኖታል። ሦስቱን ጉንጭ ጠጣ፣ ምንም አላለም። ሽክናውን ጨረሰ። "ይድገሙኝ እማማ" አለ። እሱ! አራተኛ ጉንጭ የማያውቀው ሰው ሁለተኛ ሽክና ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። "እዚህ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። ቀስ ብሎ ተነስቶ፣ አመስግኖ፣ ባልቴቲቱ እንዳታየው ከአጥሩ ኋላ ባሕር ዛፍ ሥር ሄዶ ተደፋ። ያወጣው ደም ነበረበት።

ተናደድኩ። አላህ ይይልኝ፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። "ከዚህ በኋላ እኔ እቀምሳለሁ!" ብዬ ጮኽኩበት። "አንድ ጉንጭ አይገድለኝም፤ እዚህ የመስጊዳችን ጀመዓ አያየኝ!"

ከመሬት ብድግ አለ። እየተንገዳገደም ቢሆን ቆሞ ነው የተቆጣው።

"ዞር በል! እኔ ምላሴን ሰጠሁ፤ አንተ ደግሞ ሃይማኖትህን ልትሰጥ? ለዚያ ሌባ ስንት ነገር ነው የሚሰጠው? አንድ ሰው ይበቃል። ሂድና አህዮቹን ጫን!"

ጥር ሲገባ ዐሥራ ሁለቱንም በርሜል ይዘን ቢቸና ገባን። በዚያ ጥር በዚያ መንገድ ላይ በጠላ የሞተ ሰው የለም። ይህን ማን ያውቃል? ያልሞተ ሰው "ሳልሞት ቀረሁ" ብሎ አይመሰክር።

አያ ይበልጣል ዶማ አስመጥቶ በርሜሎቹን መጋዘኑ በር ላይ ሊበሳቸው ሲል ኃላፊው ወጣ። "የመንግሥት ንብረት ነው" አለ። "ይበሳ አይበሳ ኮሚቴ ተሰብስቦ ይወስናል።" ይታያችሁ! ሲሸጣቸው ኮሚቴ አልሰበሰበም። አያ ይበልጣል ሦስት ደብዳቤ ጻፈ። መርዙ ከቆርቆሮው ስፌት ውስጥ ታጥቦ እንደማይወጣ፣ ሁለት ሰው እንደሞተ፣ ሁሉንም ጻፈ። መልሱ ማስጠንቀቂያ ሆኖ መጣ፦ "ከሥራ ገበታዎ ላይ ያለ ፈቃድ ተለይተው፣ በየጠላ ቤቱ ሲጠጡ ከርመዋል።"

እኔንም ለምስክርነት ጠሩኝ። ኃላፊው ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል።

"ይበልጣል በየጠላ ቤቱ ጠጥቷል ወይስ አልጠጣም?"

"ጠጥቷል ጌታዬ፤ ግን…"

"'ግን' አይጻፍም። ፈርም።"

ፈረምኩ። አዎ፣ ፈረምኩ! አዲስ ያገባሁ ነበርኩ፣ ወደ በረሃ ልንዛወር ነው ብዬ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ነቀዘ፤ እስከ ዛሬ ውስጤን እየቦረቦረው ነው። ያ ጠላ ወዳድ የሚለው ስም ከዚያች ወረቀት ነው የወጣው፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ለአያ ይበልጣል ሄጄ ነገርኩት። ብድግ ብሎ እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር። አልተቆጣም፤ መነሳት አቅቶት አልጋ ላይ ነበር። "በርሜሎቹን ብቻ እንዳይወጡ ጠብቅልኝ" አለኝ።

ስምንት ወር ታመመ። ሐኪሙ "ጉበት" ብሎ ጻፈ። ሚስቱ እትዬ የውብዳር እንደ ሕፃን እያገላበጠች አስታመመችው። መስከረም ላይ ሞተ።

ለዐርባው ተዝካር እኔ ቢቸና አልነበርኩም፤ ለክትባት ሞጣ ልከውኝ ነበር። የደረስኩት በዕለቱ ነው፤ ከበቅሎ ወርጄ ቀጥታ ዳሱ ውስጥ ገባሁ። ሕዝቡ ሞልቷል። ካህናቱ ጸሎት እያደረሱ ነው። ጠላው በየሰው ፊት ተቀድቷል፤ ቄሱ እስኪባርኩ ማንም አልነካውም። ኃላፊው ፊት ለፊት፣ ከቄሱ ጎን፣ የክብር ቦታ ላይ ተቀምጧል። ዓይኔን ወደ ዳሱ ጥግ ስመልስ አራት በርሜል ተደርድሯል። አዲስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል።

"ይኸ በርሜል ከየት መጣ?" አልኩ፣ አንዷን አሳላፊ ክንዷን ይዤ።

"መሥሪያ ቤቱ ነዋ! ለሐዘኑ ትብብር ብለው አዋሱን። እግዜር ይስጣቸው።"

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤበት አላደረግሁም። የመጀመሪያውን በርሜል በትከሻዬ ገፍቼ ገለበጥኩት። ጠላው በዳሱ ወለል ላይ ጎረፈ፤ የካህናቱን እግር አራሰው።

"ኧረ እስላሙ ተዝካር ደፋ!" ብሎ አንዱ ጮኸ። ዱላ ተነሳ። ሁለት ሰው በአንገቴ ያዙኝ። "አትጠጡ! ይበልጣልን የገደለው ነው! ዕቃው የመርዝ ነው!" እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? ጠላ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ስለ ጠላ ሲናገር ማን ያምነዋል? ኃላፊው ከመቀመጫው ሳይነሳ "ሰክሮ ነው፣ አውጡት" አለ። እኔን! ሰክሮ ነው!

"ልቀቁት" አለች እትዬ የውብዳር።

ጥቁር ልብሷን እየጎተተች በሕዝቡ መካከል መጣች። ሁለተኛው በርሜል ላይ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። ስትቀና ፊቷ አመድ መስሏል።

"ይኸ ሽታ ስምንት ወር አብሮኝ ተኝቷል" አለች። "ከላቡ ይወጣ ነበር። ከትንፋሹ ይወጣ ነበር። አንሶላውን ሳጥብ ከእጄ አይለቅም ነበር።"

 በዚህ አልጨረሰችም። ከኃላፊው ፊት የተቀዳውን ዋንጫ አነሳችና በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

"ጌታዬ፣ በርሜሉን ያዋሱኝ እርስዎ ነዎት። አባታችን ባይባርኩትም ግድ የለም፤ ለይበልጣል ነፍስ አንድ ጉንጭ ይቅመሱለት።"

ኃላፊው ዋንጫውን ተቀበለ። ሕዝቡ ሁሉ ያየዋል። ወደ አፉ አስጠጋው። ከንፈሩ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። "እ… ጨጓራዬን ያመኛል፤ ሐኪም ከልክሎኛል" አለና መሬት አስቀመጠው።

"ለነፍሱ ነው" አለች።

"አልችልም አልኩሽ እኮ!"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲሉ እሰማ ነበር። ሳይጠጣም እንደሚያወጣው ያን ቀን አየሁ። ቄሱ ቀስ ብለው የራሳቸውን ዋንጫ አንስተው መሬት ላይ ገለበጡት። ከጎናቸው ያለው ደገመ። ከዚያ በዳሱ ሙሉ ዋንጫና ሽክና ሲገለበጥ ብቻ ነበር የሚሰማው። በአንገቴ የያዙኝ ሰዎች ለቀቁኝ። ኃላፊው ነጠላውን ሰብስቦ ሲወጣ ደህና ሁን ያለው አልነበረም።

እትዬ የውብዳር ዶማ አስመጣች። የመጀመሪያውን ቀዳዳ የበሳችው ራሷ ናት፤ ጎረምሶቹ ጨረሱት። መጋዘን የቀሩትን ስምንቱንም የዚያኑ ቀን ሄደው በሷቸው፤ በሩን የከፈተላቸው ዘበኛው ነው። እኔም በኋላ በመንግሥት ንብረት ጉዳት ተብሎ ወደ በረሃ ተዛወርኩ። ሄድኩ። ምን አባቱ!

ዳሱ ውስጥ ግን እንጀራው ቀርቧል፣ የሚጠጣ የለም። ሴቶቹ ተሯሩጠው ከምንጭ ውሃ ቀዱ፤ አያ ይበልጣል ራሱ ካስከለለው ምንጭ። በጎጃም ተዝካር በውሃ ሲወጣ ያኔ አየሁ። አሳላፊዋ ማሰሮውን ይዛ ቄሱ ዘንድ መጣች። እሳቸው ሊባርኩ መስቀላቸውን አነሱና አስበው መልሰው አወረዱት። በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝ።

"ሰይድ" አሉኝ፣ "አንተ ቅደም። እኔ ሳልባርከው ጠጣ።"

ጠጣሁ።